አደባባይ ያስተማረችኝ ዘሃራ

ደሳለኝ ሚኒባሱን መርሳ መናኸሪያ በር ላይ አቁሞ ሞተሩን ሲያጠፋ፣ ደህና ነገር ይዞ እንዳልመጣ ገባኝ። ደሳለኝ ሞተር የሚያጠፋ ልጅ አይደለም፤ ሰው እየጫነ እንኳ ሲያስጮኸው ነው የሚውለው። ወርዶ መጥቶ ባጃጄ ውስጥ ከኋላዬ ተቀመጠ።

"አባ ይመር፣ ቲቸር ዘሃራ አረፈች" አለኝ።

ደሴ ነው ያረፈችው። ኩላሊቷን ታማ ተኝታ ነበር አሉ። ሳንሰማ ታማ፣ ሳንሰማ ተቀበረች። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አልኩ። ደሳለኝ ክርስቲያን ቢሆንም አብሮኝ ራሱን ዝቅ አደረገ። ሁለታችንም በአንድ ክረምት መንዳት የተማርነው ከእሷ እግር ስር ነው፤ እሱ ለሕዝብ መኪና፣ እኔ ለባለሦስት እግር። ተሳፋሪዎቹ "ኧረ ሹፌር፣ መሸብን!" እስኪሉ ድረስ ከባጃጄ አልወረደም።

ግራና ከተማ፣ እናቷ ዘንድ ሄጄ ለቅሶ ደርሻለሁ። ለቅሶ ላይ ግን ሰው ስለ ሟች የሚናገረው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ደግ ነበረች፣ ትሑት ነበረች ይባላል። ዘሃራ ደግ ነበረች፤ ትሑት ግን አልነበረችም። ስለዚህ የማውቃትን እኔው ልጻፍ አልኩ። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ነው፤ እጄም ዘገምተኛ ነው። የቸኮለ አያንብበው።

እንዴት የስልሳ ሁለት ዓመት ሽማግሌ መንጃ ፈቃድ ልማር ብሎ ወልድያ ይመላለሳል ትሉኝ ይሆናል። ወድጄ አይደለም። ጦርነቱ መጀመሪያ በአገራችን ሲያልፍ ሁለቱ በሬዎቼ ታረዱ። በሬ የሌለው ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለሀብሩ ሰው አልነግርም። የተረፈችን ልጄ ሙሄ የሚነዳት ባጃጅ ነበረች፤ እሷም የተረፈችው የማሽላ አገዳ ከምረንባት፣ አጠገቧ ፍየል አስረን ነው። ጦሩ ሲሄድ አገዳውን አነሳን፤ ባጃጇ አንድ ጭረት ሳይነካት ወጣች። ሙሄ ደስታውን ሳይጠግብ ማሳ ዳር ተጥሎ የቀረ ብረት ረገጠና ፈነዳበት። ነፍሱን አላህ አተረፈለት፤ ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ቀረ። የባጃጅ ፍሬን ደግሞ በቀኝ እግር ነው የሚረገጠው።

ቤታችን ውስጥ እሱ፣ ሚስቱ፣ ሦስት ልጆቻቸውና እኔ ነን። ባጃጇን ለአንድ ጎረምሳ ብንሰጠው ገለበጣት። ለሌላው ብንሰጠው ሁለት ቀን ይዟት ጠፋ። በመጨረሻ "እኔ እነዳታለሁ" አልኩ።

ሙሄ እግሩን ካጣባት ቀን ጀምሮ ከቤት አይወጣም ነበር። በክራንች ሲሄድ ገበያው እንዲያየው አይፈልግም። ከተኛበት ቀና አለና "አባ፣ መሳቂያ አያድርጉኝ። በቅሎ መሰለችዎት?" አለኝ።

"በቅሎም ጭኛለሁ።"

"በቅሎ ፍሬቻ የላትም!"

"ጆሮ አላት" አልኩት። አልሳቀም። በማግሥቱ ወልድያ ሄጄ ተመዘገብኩ።

ማሠልጠኛው በጦርነቱ ተዘርፎ፣ በሩ ተገንጥሎ፣ ወንበሩ ተጭኖ፣ ግድግዳው ላይ የነበረው የመንገድ ምልክት ሥዕል ሳይቀር ተቀዶ ሄዷል። የምልክት ሥዕል ለማን ምን እንደሚያደርግለት እንጃ። ብሎኬት ላይ ተቀምጠን ነበር የምንማረው። ዘሃራ አጭር፣ ጠይም፣ ወደ አርባው የምትጠጋ ሴት ናት። ሒጃቧን አገጯ ስር አጥብቃ ትይዛለች፤ አንገቷ ላይ ፊሽካ፣ እግሯ ላይ የወንድ ቆዳ ጫማ። አስተማሪ ከመሆኗ በፊት ከግራና ገበያ ማሽላና ማሾ በአይሱዙ ታመላልስ ነበር። ሰዉ "ሴት ሹፌር መጣች!" እያለ ከመንገድ ሲሸሽ፣ "አላህ ይስጣቸው፣ መንገዱን ለቀቁልኝ" ትል ነበር አሉ።

የመጀመሪያ ቀን አንቱ አልኳት። መምህር አንቱ ነው የሚባለው ብዬ ነው።

"አባ ይመር፣ አንቱ ሲሉኝ ሸበትኩ እንዴ ብዬ ፀጉሬን እነካለሁ። አንቺ ይበሉኝ።"

"ክፍል ውስጥ አንቱ፣ ከበር ውጪ አንቺ" አልኳት። እንደዚያው ሆነ። አንዳንዴ በሩ ላይ ቆሜ አንዱን ንግግር በአንቱ ጀምሬ በአንቺ እጨርሰው ነበር።

ሥዕሉ ስለተወሰደባት ከቤቷ ሰፌድ አመጣች። ሰፌዱ ከተማው ነው፤ መሐሉ ላይ የተደፋ ሲኒ አደባባዩ ነው፤ የለስላሳ ቆርኪዎች መኪኖች ናቸው። መልስ የሳተ ሰው "ተሳስተሃል" አይባልም። ዘሃራ ዝም ብላ አንድ ቆርኪ ታነሳና ኪሷ ትከታለች። ያ መኪና ተገጭቷል ማለት ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ ኪሷን ታራግፍና "ዛሬ አባ ይመር ብቻቸውን ሰባት መኪና ጨረሱ" ትላለች።

መዞሪያውን ግን ስቼ አላውቅም። አደባባይ ላይ መኪና በየት በኩል ይዞራል ብላ ስትጠይቅ፣ ሌላው እጁን እያየ ቀኝና ግራውን ሲፈልግ እኔ "እንደ ጠዋፍ ነው" አልኩ። "ሐጃጁ ካዕባን በግራ አድርጎ ነው የሚዞረው።"

ዘሃራ ጠመኔዋን አስቀመጠች። "ከእንግዲህ በዚህ ጥያቄ የሚሳሳት ሙስሊም እንዳይኖር። ክርስቲያኖቹ አባ ይመርን ጠይቁ።"

ችግሬ ቅድሚያው ነበር። አንድ ቆርኪ ሲኒውን እየዞረ ነው፤ ሌላ ቆርኪ ሊገባ ደጁ ላይ ደርሷል። ቅድሚያ የማን ነው?

"የመጪው" አልኩ።

"ለምን?"

"እንግዳ ነዋ! ተቀምጦ ያለ ሰው ለመጣ ሰው ይነሳል። ኖር ይላል።"

ቆርኪ ኪስ ገባ። "አባ ይመር፣ ሶላት ተጀምሮ መስጊድ ቢደርሱ ኢማሙን 'ቆይ ጠብቀኝ' ይሉታል?"

"አስተግፊሩላህ! ሰልፉ ውስጥ ገብቼ ከደረሱበት እቀጥላለሁ እንጂ።"

"አደባባይም እንዲሁ ነው። ቀድሞ የገባው ይዞራል፤ መጪው ወደ ግራው አይቶ፣ ክፍተት ጠብቆ ይገባል።"

ይህ ግን አልተዋጠልኝም። "ሶላት የአላህ ነው። አላህ አይቀየምም፤ ሰው ግን ይቀየማል።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። "ይህ መልስ ስህተት ነው" አለች፤ "ግን መልስ ነው።"

የመጀመሪያውን ፈተና በአንድ ጥያቄ ወደቅሁ። ኮምፒዩተሩ ላይ ሦስት የአደባባይ ጥያቄ መጣብኝ፤ ሦስቱንም ለእንግዳው ሰጠሁ። እንግዳው አላፊ፣ እኔ ወዳቂ ሆንኩ። ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው "አባባ፣ ምን አደከመዎት፣ ወረቀቱ ሳይፈተኑ ይወጣልዎታል፤ የሚያወጣ ሰው አውቃለሁ" አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ሄዷል። ቤት ስድስት ነፍስ አለ። ሄጄ ለዘሃራ ነገርኳት፤ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ቁጣ የለም።

"ይወጣል" አለች። "ወረቀቱ ይወጣል። አደባባዩ ግን ወረቀት አያነብም፣ አባ ይመር።" ከዚያ ፊሽካዋን ነፋችና "ሁላችሁም ውጡ!" አለች።

ግቢው መሐል ጥይት የበሳው የውሃ ሮቶ ወድቆ ነበር። እሱን አስቆመችውና አደባባይ አደረገችው። ዘጠኝ ተማሪ ነበርን፤ ዘጠኝ መኪና ሆንን። ግቡ፣ ዙሩ፣ ውጡ አለችን። እንግዲህ የወሎን ሰው ታውቁታላችሁ። እኔ ገና ወደ ሮቶው ስጠጋ ውስጥ ያሉት በሙሉ ቆሙ። "ይግቡ አባባ!" "ኧረ በአላህ፣ እናንተ እለፉ!" "በማርያም፣ አይሆንም!" አንዱም አይንቀሳቀስም።

ፊሽካው ጮኸ። "ማን ነው ቁሙ ያላችሁ?"

"አባ ይመር መጡ እኮ፣ ቲቸር!"

"አባ ይመር የሉም! የመጣችው ባጃጅ ናት!"

"ጺም አላት እኮ ባጃጇ" አለ ደሳለኝ።

ዘሃራ ደሳለኝን አየችው። ሄዳ ውሃ የሞላ ሃያ ሊትር ጀሪካን አመጣችና ትከሻው ላይ አሸከመችው። እኔን አደባባዩ ውስጥ አስገባችኝ፣ እሱን ከኋላዬ፣ ሌሎቹን ከእሱ ኋላ። ዙሩ አለች። ስዞር አንዲት ልጅ ከቀኜ፣ ከመግቢያው በኩል ልትገባ ደረሰች። ቆምኩ።

"ግቢ ልጄ።"

"ኧረ እርስዎ ይለፉ።"

"ሞቼ እገኛለሁ!"

"አፈር ስሆን፣ ይለፉ!"

ዘሃራ ፊሽካ አልነፋችም። ተወችን። እኛ ስንለማመን፣ ስንለማመን፣ ከኋላዬ "አባ ይመር… ትከሻዬ…" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

"ዞረው ይዩት" አለችኝ።

ዞርኩ። የደሳለኝ አንገት ጅማት ተገትሯል፣ ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ከእሱ ኋላ ስድስት ሰው ቆሟል። አንዱም ወደ ፊት መሄድ አይችልም፤ መውጫውም የተዘጋው በእኔ ነው።

"ለሚያዩዋት አንዲት ሴት ክብር ሰጡ" አለች ዘሃራ፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። "ከማን ትከሻ ላይ አንስተው ነው የሰጧት?"

በዚያ ቀን ወደ መርሳ ስመለስ መንገዱን ሙሉ በኋላው መስኮት እያየሁ ሄድኩ። ስልሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሜ ሰው ሳሳልፍ ከኋላዬ ማን ቆሞ እንደነበር አስቤ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ፈተና የተቀጠረበት ቀን ክረምት ነው። በማለዳ ወልድያ ደረስኩ፤ ቢሮው ተዘግቷል። ጦርነቱ ተመልሶ ከቆቦ በኩል ከባድ መሣሪያ ይሰማል። ዘበኛው "አባባ፣ የምን ፈተና ነው፣ ሰው እየወጣ ነው፣ ይመለሱ" አለኝ። መርሳ የሚወስደኝ ባገኝ ብዬ ወደ አደባባዩ ወረድኩ።

ያየሁትን በልኩ ልናገር። አደባባዩ በየአፉ ሞልቷል። ከሰሜን የመጣ አይሱዙ አለ፣ ላዩ ላይ ሴትና ሕፃን፣ ፍራሽና ዶሮ። ጋሪ አለ፣ ሚኒባስ አለ፣ አህያ አለ። ሁሉም ልግባ ይላል። መጪው ስለገባ ውስጥ ያለው መውጣት አልቻለም፤ ውስጥ ያለው ስላልወጣ መጪውም መግባት አልቻለም። በግቢያችን ውስጥ ሁሉም "እለፍ" ብሎ ቆሞ ነበር፤ እዚህ ሁሉም "ልለፍ" ብሎ ቆሟል። ውጤቱ አንድ ነው።

የማሠልጠኛው አሮጌ መኪና፣ "ለማጅ" የሚል ከኋላው የተጻፈበት፣ ከከተማው በሚመጣው አፍ ላይ ተይዟል። ዘሃራ ከመሪው ወርዳ ፊሽካዋን ትነፋለች። የሚሰማት የለም። አንዱ ሹፌር "ሂጂ ወዲያ፣ አንቺ ደግሞ!" አላት። ስታየኝ ሮጣ መጣች።

"አባ ይመር፣ እኔን አይሰሙኝም። እርስዎ ይቁሙ።"

"እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም እኮ።"

"ጺም አለዎት! መጪውን ያስቁሙልኝ፤ ውስጥ ያለውን እኔ አስወጣለሁ።"

ከዘራዬን ይዤ ከሰሜን የሚገባው አፍ ላይ ቆምኩ። አንድ ትልቅ መኪና እያጓራ መጣና አፍንጫው ደረቴ ላይ ሊደርስ ቆመ። ሹፌሩ ራሱን አወጣ፤ ሊሰድበኝ አፉን ከፈተና ጺሜን አየ።

"አባቴ፣ ይልቀቁኝ፣ ልጆች ይዣለሁ!"

"ውስጥ ያሉትም ልጆች ይዘዋል፣ የኔ ልጅ። እነሱ ካልወጡ አንተ የት ትገባለህ? በአላህ፣ በእመቤቴ፣ ትንሽ።"

ፍሬኑን ያዘ። ከኋላው ያሉት ጮኹበት፤ እሱ "ሽማግሌ አቁሞኛል፣ ልግጫቸው ወይ?" እያለ መለሰላቸው። ዘሃራ በበኩሏ አይሱዙውን ወደ መርሳ መውጫ እየጠራች አወጣችው፣ ቀጥሎ ጋሪውን፣ ቀጥሎ ሚኒባሱን። መሐሉ ሲቀል እጇን አነሳችልኝ፤ እኔም አንዱን አስገባሁ። እንደገና ዘጋሁ። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። የማውቀው የዘሃራ እናት ከለማጁ መኪና መስኮት አንገታቸውን አውጥተው "አንቺ ዘሃራ! ትራፊክ አደረጉሽ እንዴ? ልታስጨርሽኝ ነው?" ሲሉ እንደነበር ነው። ዘሃራም ሳትዞር "እማ፣ ተራችን ይደርሳል!" ትላለች።

ተራችን ደረሰ። ከእናቷ ጋር፣ በሁለት ፍራሽና በአንድ የዱቄት ጆንያ መሐል ተሰክቼ መርሳ ወረድኩ። እነሱ ወደ ደሴ አለፉ። በዓይኔ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ሰላሙ ሲመጣ ቢሮው ተከፈተ። ዘሃራ እዚያው ደሴ ሥራ ይዛ ቀረች። እኔ ተፈትኜ አለፍኩ፤ ተግባሩንም አለፍኩ፤ ፈቃዴን ተቀበልኩ። ባጃጇን አጥቤ መርሳ ተራ ላይ ቆምኩ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። አንድ ሰው አልተሳፈረልኝም። ሰዉ ሰላም ይለኛል፣ ጤናዬን ይጠይቀኛል፣ ከዚያ ከኋላዬ ያለው ጎረምሳ ባጃጅ ውስጥ ይገባል። "አባ ይመርን ብንወዳቸውም ነፍስ አንድ ናት" አለች አሉ አንዷ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ቤት ገብቼ ለዘሃራ ደወልኩ።

"አለፍኩ" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ! ምኑን ሳቱ?"

"የባቡር ሐዲዱን ብቻ።"

"ባቡሩ መጀመሪያ ይምጣ።" ሳቀች። "ታዲያ ድምፅዎ ምነው ለቅሶ ቤት መሰለ?"

ነገርኳት። ስድስት ነፍስ፣ ሦስት ቀን፣ ባዶ ባጃጅ። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

"ሙሄ አጠገብዎ ነው?"

"አለ። ተኝቷል።"

"ይስጡልኝ።"

ስልኩን ሰጠሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አዳመጠ። ሦስት ጊዜ "እሺ" አለ። ስልኩን መለሰልኝና ብርድ ልብሱን ተከናነበ። እኔም አልጠየቅሁትም።

በማግሥቱ ጠዋት ተራ ላይ ቆሜ ሳለ ሰዉ ሁሉ ወደ ሽንኩርት ተራው ዞረ። ቀና ስል ሙሄ ነው። በክራንች፣ በሽንኩርት ነጋዴዎቹ መሐል፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ እየመጣ ነው። ያ ሁሉ ጊዜ ከቤት ያልወጣ ልጅ! ግራ ቀኝ አላየም። ላቡ ግንባሩ ላይ ወርዷል። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፤ "ሙሄ! እንኳን አየንህ!" የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ደረሰና ክራንቹን ወደ ውስጥ አስገባ፣ ከኋላዬ ተቀመጠ።

"ወዴት ነው?" አልኩት።

"ሲሪንቃ።"

"ምን አለህ ሲሪንቃ?"

"ምንም የለኝም። ተሳፋሪ ነኝ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "'መርሳ ውስጥ ካንተ የተሻለ ሹፌር አልነበረም አሉ፤ አንተ ካባትህ ኋላ ካልተቀመጥክ ማን ይቀመጣል?' አለችኝ ዘሃራ።"

የሽንኩርት ዘንቢል የያዘች ሴት ቆማ ታየን ነበር። "ሙሄ ከተቀመጠማ እኔም እቀመጣለሁ" ብላ ገባች። "አባ ይመር፣ ቀስ ይበሉ እንጂ አደራ!"

"እሱን አይንገሯቸው" አላት ሙሄ። "ሌላ አያውቁም።"

ሦስተኛ ሰው ተጠግቶ ገባ። ወደ ግራዬ አየሁ፣ ጋሪውን አሳለፍኩ፣ ወጣሁ።

ሲሪንቃ ደርሰን ሴትዮዋን ካወረድኩ በኋላ ለዘሃራ ልንገራት ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ አልነበረም። ነገ እደውላለሁ አልኩ። በማግሥቱ ሰው በዛ፤ ሳልነግራት ቀረሁ።